ሜዳው ባዶ በሆነበት በዚህ ክረምት፦ ቡድን የማን ነው?



እንደሚታወቀው ሰኔ ሲገባ ደመናው ይወርዳል፤ ሊጉም ወደ መዘጋቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የጭቃ ወር ነው፤ የሰፈራችንም ሜዳ ለጊዜው የበግና የኩሬ ሆኖ ይከርማል። በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ውኃ መስመርና ስለ መዋጮ እንጂ ስለ ኳስ እምብዛም ተጽፎ አያውቅም። «ኳስ በሌለበት ወር ስለ ኳስ መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል ሰው ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። ገበሬ ማረሻና ቀንበሩን የሚያዘጋጀው በሬው ከተጠመደ በኋላ አይደለም። ኳስም እንደዚሁ ነው። በመስከረም ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚታየው ሁሉ በዕረፍቱ ወራት የታሰበበት ነው፤ ካልታሰበበትም አለመታሰቡ ይታያል።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ስናወጣ ስናወርድ የሰነበትናቸውን ልዩ ልዩ ሐሳቦች እናካፍላችኋለን። ወሬው ከአሜሪካ ተነሥቶ እኛው ሜዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ሐሳቡ የተለያየ ቢመስልም ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም ቡድን የማን ነው? የሚል ነው። ለንባብ እንዲመች የውጭውን ዘመን በፈረንጅ፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር ጽፈናል።

1ኛ/ ስለ አሜሪካኖቹ ኳስ

ከሰፈራችን ወጥተው አሜሪካ የሚኖሩ ልጆች ሲደውሉ «እዚህ እግር ኳስ ሲባል ሌላ ነው» ይሉናል። እውነትም ሌላ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይያዛል፤ ይወረወራል። ተጫዋቾቹ ጭንቅላታቸው ላይ ጠንካራ ቆብ፣ ትከሻቸው ላይ መከላከያ አድርገው ነው የሚጋጩት፤ ግፊያው የገና ጨዋታችንን ያስንቃል። በሊጋቸው 32 ቡድኖች አሉ። ጨዋታው በእኛ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ገደማ ይጀመርና የካቲት መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ሰባት ወር ያህል ውድድር የለም።

ታዲያ በእነዚያ ወራት ዝም ብለው አይቀመጡም። በሚያዝያ ወር ከኮሌጅ የሚወጡትን ወጣት ተጫዋቾች ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ። ተራው እንዴት ነው ቢባል፣ ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፤ ዋንጫ የወሰደው መጨረሻ ይመርጣል። እስቲ አስቡት! በእኛ ዘንድ ጉልበት ያለው ነው ጀሪካኑን ፊት የሚያስቀምጠው። እነሱ ግን ደካማውን ያስቀድማሉ። ለመላው አገር ከሚተላለፈው ቴሌቪዥን የሚገኘውንም ገንዘብ 32ቱ እኩል ይካፈላሉ። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በዓመት ሊከፍል የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ አለው። በ2025 ጣሪያው ለአንድ ቡድን 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

የገንዘብ አገር ነው ሲባል የምንሰማው አሜሪካ በኳሱ እንደ እድር መሥራቱ ገረመን። ለጽድቅ ብለው አይመስለንም። አንዱ ብቻ ሁልጊዜ ካሸነፈ የሌላው ከተማ ሰው ትኬት አይገዛም፤ ያ እንዳይሆን ነው። ቢሆንም ደካማውን ማንሣት ለሁሉም እንደሚበጅ የተረዱት ሒሳብ ሠርተው ነውና ነገሩ ሊናቅ አይገባም።

2ኛ/ ስለ ሁለት ከተሞች

እዚያው አገር ባልቲሞር የሚባል ከተማ ኮልትስ የሚባል ቡድን ነበረው። ሕዝቡ ከ1953 ጀምሮ አባት ለልጅ እያወረሰ ደግፎታል። ቡድኑ ግን የአንድ ሀብታም ንብረት ነበር። ባለቤቱ ስለ ስታዲየሙ ከከተማው ጋር ሳይስማማ ቀረ። በመጋቢት 1984፣ ያው በዕረፍቱ ወራት መሆኑ ነው፣ አንድ ሌሊት በረዶ እየጣለ የጭነት መኪኖች አስመጣ፤ ዕቃውን ሁሉ አስጭኖ ቡድኑን ኢንዲያናፖሊስ ወደምትባል ከተማ ወሰደው። ሕዝቡ ጠዋት ሲነቃ ቡድን የለውም። ባልቲሞር ሌላ ቡድን ያገኘው በ1996 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ሕግ አልተጣሰም፤ ንብረቱ የሰውዬው ነበርና። ያን ሁሉ ዘመን ሲጮህ የኖረ ሕዝብ ግን በወረቀት ላይ አንዲት ፊደል አልነበረችውም።

ሁለተኛው ከተማ ግሪን ቤይ ይባላል። ትልቅ ከተማ አይደለም፤ ሕዝቡ 107,000 ያህል ነው። በሰው ቁጥር ከእኛው ከተማ እጅግ የሚርቅ አይመስለንም። ብርዱ ግን ከጮቄ ይብሳል። ፓከርስ የሚባለው ቡድናቸው በ1919 ተቋቋመ። ስሙ የመጣው ለማልያ መግዣ ገንዘብ ከሰጠው የሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው፤ «አሻጊዎች» እንደ ማለት ነው። ገንዘብ አልቆ ሊፈርስ ሲል በ1923 የከተማው ሰው ተሰበሰበና አንዱን አክሲዮን በ5 ዶላር ገዝቶ ቡድኑን የራሱ አደረገው። ከዚያ በኋላም በተቸገረ ጊዜ፣ ወይም ስታዲየም ለማስፋት ባሰበ ጊዜ፣ ለሕዝብ አክሲዮን እየሸጠ እስካሁን አለ። ዛሬ ከ530,000 በላይ ባለ አክሲዮኖች አሉት። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፈልበትም፤ አትርፎ መሸጥም የለም። ማንም ሀብታም ጠቅልሎ እንዳይገዛው አንድ ሰው ከ200,000 አክሲዮን በላይ መያዝ አይችልም። ቡድኑ ቢፈርስ እንኳ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ ማንም ኪስ አይገባም። ይህን ቡድን በሌሊት ጭኖ የሚሄድ ባለቤት የለም፤ ባለቤቱ ከተማው ነዋ!

ደግሞ ደካማ ቡድን እንዳይመስላችሁ። 13 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በሊጉ ይህን ያህል ያገኘ የለም። በረዶ ሜዳውን ሲሸፍነው የከተማው ሰው ተጠርቶ፣ አበል እየተከፈለው፣ አካፋ ይዞ ይጠርጋል። በክረምቱ ልምምድ ጊዜ ደግሞ የሰፈር ልጆች ብስክሌታቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ እነዚያ ግዙፍ ተጫዋቾች በልጆቹ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ወደ ልምምድ ሜዳ ይሄዳሉ፤ ልጁ ከጎን ቆቡን ይዞለት ይሮጣል። ያ ልጅ አድጎ ቡድኑን ይተዋል? አይተውም።

አለመዋሸት ይገባልና አንድ ነገር እንጨምር። ሊጉ ዛሬ ሌላ ቡድን እንደ ግሪን ቤይ በሕዝብ እንዲያዝ አይፈቅድም። እነሱ የተረፉት ቀድመው ስለ ጀመሩ ነው። በጊዜ መጀመርን የመሰለ ነገር የለም።

3ኛ/ ስለ አገራችን ቡድኖች

ወደ አገራችን እንመለስ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን ደመወዝ የሚከፍሉት ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀት ባይኖር ኖሮ ብዙዎቹ ባልኖሩ ነበርና ይህን አንነቅፍም። ነገር ግን በበጀት የቆመ ቡድን በጀቱ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር፤ ዛሬ በሊጉ ስሙ አይጠራም። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ወሰደ፤ በ2011 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስድስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው።

በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ሐሳቡ ከአሜሪካኖቹ ጣሪያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሆኖም ልዩነት አለው። እነሱ የወሰኑት የቡድኑን ጠቅላላ ወጪ ነው፤ ሒሳቡም በየጊዜው ይመረመራል። በእኛ ግን የአንድን ሰው ደመወዝ ወስኖ መዝገቡን የሚያይ ከሌለ፣ በፊርማ ስም፣ በሌላም ስም፣ ገንዘቡ በጓሮ በር ይወጣል። ጣሪያ ያለ ግድግዳ አይቆምም።

ጎንደሬዎቹ ፋሲል ከነማዎች በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆኑ፣ ባሕር ዳር ከነማም በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሲወጣ ደስታው የእኛም ነበር። ይሁን እንጂ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ መጀመሪያ በኮሮና ምክንያት፣ ኋላም በቴሌቪዥን ስርጭቱ፣ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ መካሄድ ጀመሩ። ፋሲል ሻምፒዮን ሲሆን ዋንጫው የተነሣው ጎንደር ላይ አልነበረም። ደጋፊው ቡድኑን እንደ ውጭ አገር ቡድን በመስኮት ነው ያየው።

የከተማችን ደብረ ማርቆስ ከነማም በፕሪሚየር ሊጉ ስሙ ገና አልተጠራም። «መቼ ይገባል?» ይባላል። እኛ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቢገባ የማን ሆኖ ይገባል?» ነው እንላለን። እኛ ሳናዋጣ፣ ስማችን በመዝገብ ሳይሰፍር፣ የገባ ቡድን እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።

4ኛ/ ስለ ብሔራዊ ቡድናችንና ስለ መዝገብ

የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ሱዳን ላይ ሲጀመር ከተጫወቱት ሦስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ግብፅን እንደገና 2 ለ 0 አሸነፍን። እልል ያልነው እናስታውሳለን። ግን ጨዋታው የት ነበር? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረን ባለ ሜዳ ሆነን ሰው አገር ሄደን ነው ያሸነፍነው። ቤት የሌለው ሰው ሠርጉን በተከራየው አዳራሽ እንደሚደግስ ማለት ነው፤ ደስታው ደስታ ነው፤ ጠዋት ግን ቁልፉ ይመለሳል።

ሁለተኛው ነገር የመዝገብ ነው፤ የጽሕፈት ሥራ ላይ ስላለን ይኸኛው ይቆረቁረናል። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። ነገር ግን ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች መሰለፉ ታወቀና ሦስቱ ነጥብ ተነጠቀ። ላባቸውን ያፈሰሱት ልጆች አላጠፉም። ጥፋቱ አንዲት መስመር ጽፎ አንዲት መስመር ያለማንበብ ነው። ቡድኑ ከዚያም በኋላ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሶ ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ፤ ስለዚህ ጀግንነቱ አልጠፋም። ትምህርቱ ግን ይቅር አይባልም፤ ኳስ በእግር ብቻ ሳይሆን በእስክርቢቶም ይሸነፋል።

5ኛ/ ስለ ሰፈራችን ሜዳ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ባለፈው ክረምት፣ ልጆቹ በዝናቡ ምክንያት ቤታቸው በተቀመጡበት ጊዜ፣ በሜዳችን ጥግ ድንጋይ ተራግፎ ነበር። ማን እንዳራገፈው እዚህ አንጠራም። ልጆቹ በመስከረም ሲመለሱ የማዕዘን ምት የሚመቱበት ቦታ አጡ። ድንጋዩ የተነሣው ሽማግሌዎች ገብተው፣ ብዙ ከተለመነ በኋላ ነው። ዘንድሮም ዝናቡ ጀምሯል፤ ሜዳውም ባዶ ነው። ቡድንም ሆነ ሜዳ የሚወሰደው ሰው በሌለበት ወራት መሆኑን የባልቲሞሩ ነገር አስተምሮናል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ያሳለፍነውን ለማንም መንገር አያስፈልግም። መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ሲስተጓጎል፣ እናት ልጇ እስኪገባ ደጃፍ ላይ ስትቆም አይተናል። በዚያ ሁሉ መካከል የሰፈራችን ልጆች ሰብሰብ ብለው የሳቁበት ቦታ ቢኖር ያ ሜዳ ነው። የእስላሙም የክርስቲያኑም፣ ያለውም የሌለውም ልጅ በአንድ የጨርቅ ኳስ ተጫውቶበታል። ይህን ቦታ ካጣን ልጆቻችን ወዴት ይሂዱ ነው የምንለው? ወደ ውርርድ ቤት?

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል፦

ሀ/ ፈቃደኛ የሆነ አባወራና እማወራ ሁሉ በወር 20 ብር ለሰፈራችን የልጆች ቡድን ያዋጣ። መቶ ቤት ቢያዋጣ በወር 2,000፣ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ለኳስ፣ ለመረብና ለማልያ መነሻ ይሆናል፤ ታኬታ ለሌለው ልጅም ይታሰብበታል።

ለ/ ያዋጣ ሁሉ ስሙ በመዝገብ ይስፈር፤ አንድ ቤት አንድ ድምፅ ይኑረው፤ ብዙ የሰጠም ቢሆን ድምፁ አንድ ይሁን። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሐ/ ሜዳው በማኅበሩ ስም እንዲጠበቅ ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ይመልከት፤ እስከዚያው ዳር ዳሩን ቦይ ቆፍረን ችግኝ እንትከል። ችግኝ የተተከለበት ቦታ ባለቤት እንዳለው ይታወቃል።

መ/ ይህ ከተሳካ በኋላ የየሰፈሩ ማኅበራት ተነጋግረው ለከተማችን ቡድንም የአባልነት መዋጮ እንዲጀመር እንጠይቅ። ግሪን ቤይም የጀመረችው በ5 ዶላር ነው።

የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን። «የእድር ብር ለቀብር ነው፤ ለኳስ አይነካም» የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው፤ አይነካም፤ ይኸኛው ሣጥኑም መዝገቡም ለብቻው ነው። «ኑሮው ተወዶ ጤፍ መግዛት አቅቶናል፤ ምን ኳስ ታወራላችሁ?» የሚሉ እናቶችም አሉ። እነሱም እውነት አላቸው። ያልቻለ በጉልበቱ ይርዳ፤ አንድ ቀን ቦይ የቆፈረ እንዳዋጣ ይቆጠር። «ኳስ ልጅን ከትምህርት ያስቀራል» ለሚሉ አባቶች ደግሞ፣ የትምህርት ቤት ካርዱን ለአሰልጣኙ ያላሳየ ልጅ ማልያ አይለብስም ብለን ሕግ እናውጣ። «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ለሚሉት ግን አንስማማም። መንግሥት ሜዳ ሊሰጥ፣ በጀት ሊመድብ ይችላል፤ ይገባልም። ፍቅርን ግን መመደብ አይችልም። ሰው የሚጠብቀው ያዋጣበትን ነው።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ለማንቼና ለአርሴናል ጨዋታ ቅዳሜና እሑድ ለዲኤስቲቪ ቤት መግቢያ ስትከፍሉ እናያለን። መዝናናት መብታችሁ ነው፤ እኛም አልፎ አልፎ ከጀርባችሁ ቆመን እናያለን። ነገር ግን እነዚያ ቡድኖች ስማችሁን አያውቁም። የአንዱን ጨዋታ መግቢያ በወር አንዴ ለዚህ ሜዳ ብታደርጉት፣ በስማችሁ የሚጠራችሁ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አገባሁ!» እያለ የሚሮጥላችሁ ቡድን ይኖራችኋል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ነገሩ ለአንድ ሰው ከባድ፣ ለሰፈር ቀላል ነው። ከቡሄ ቀጥሎ ባለው እሑድ ከቀኑ በ8 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ስብሰባ ስለሚኖር፣ የምትደግፉም የምትቃወሙም እንድትገኙ በአክብሮት እናሳስባለን። የምትቃወሙ በተለይ ኑ፤ ሐሳባችሁ በመዝገብ ይሰፍራል። የልጆች ወላጆች አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ዝናቡ ጋብ ካለ ከስብሰባው በኋላ የሜዳውን ቦይ እንጀምራለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ደብረ ማርቆስ